መቶ ሃያ በሰማንያ

«ደህና ነሽ እማዬ፣ አይዞሽ፤ መቶ ሃያ በሰማንያ!»

ዘውድነሽ ይህን የሰማችው መኝታ ቤት ውስጥ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ስታስር ነው። ከቃሉ በፊት ደግሞ አየሩ ሲወጣ ሰምታለች። የግፊት መለኪያው ጨርቅ ክንድ ላይ ተጠምጥሞ ከተነፋ በኋላ አየሩ ቀስ እያለ ነው መተንፈስ ያለበት፤ ለኪው በማዳመጫው የደም ሥሩን ምት የሚይዘው ያኔ ነውና። የአምለሰት ግን ምስማር እንደ ወጋው ጎማ ፍስስ ብሎ ባንድ ጊዜ አለቀ። በዚህ ፍጥነት የደም ሥር ምት ቀርቶ ነጋሪት ቢጎሰምም አይሰማም። ልጅቷ ግን ቁጥሩን ስትናገር ድምፅዋ ቅንጣት አላመነታም፤ እናቷ የማርያምወርቅም «ተመስገን! የልጄ እጅ ራሱ መድኃኒት ነው» እያለች እጅጌዋን ስታወርድ ተሰማች።

የማርያምወርቅ የዘውድነሽ ታላቅ እህት ናት፤ እህት ትባል እንጂ እናትም እሷው ነበረች። ወላጅ እናታቸው ግፊት እንዳለባት ሳታውቅ ኖራ፣ አንድ ጠዋት ደጃፍ ስትጠርግ ወድቃ በዚያው ስትቀር፣ የማርያምወርቅ ከሰባተኛ ክፍል ወጥታ ታናሿን አሳደገች፣ አስተማረች፣ ነርስ አደረገች። የእናትየው በሽታ ደግሞ ለትልቋ ልጅ ተረፋት። ዘውድነሽም ውለታዋን በሌላ በምን እከፍላለሁ ብላ እሁድ እሁድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ የእህቷን ክንድ ጠረጴዛ ላይ አስዘርግታ ግፊቷን ስትለካ ዓመታት አለፉ። አምና አምለሰት ዘውድነሽ በምትሠራበት ኮሌጅ በርቀት ትምህርት ነርስነት ስትጀምር ግን መለኪያውን ከነማዳመጫው አውጥታ «በይ ተረከቢኝ፣ በእናትሽ ተለማመጂ» አለቻት። ያን ዕለት ቤቱ ውስጥ የነበረው ደስታ አይረሳትም። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ ሳይመጣላት ቀርቶ ስንት ወር ብርድ ልብስ ተከናንባ የከረመች ልጅ፣ ነጭ ጋውን ለብሳ መስታወት ፊት ስትዞር ማየት ቀላል ነገር አይደለም። እናትየዋ እልል ማለት ነው የቀራት።

ፈረንሳይ ጉራራ ያለው ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው፤ ሳሎኑ ቀን ሳሎን ሆኖ ውሎ ማታ የአምለሰት መኝታ ይሆናል። ዘውድነሽ ስትወጣ ፍራሹ ተጠቅልሎ ግድግዳ ተደግፏል፣ መለኪያው ጠረጴዛው ላይ ከዳቦው አጠገብ ተቀምጧል፣ የማርያምወርቅም ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ ተዘጋጅታለች። ኅዳር መግባቱ ነው፤ ወር በገባ ባንድ ራጉኤል ስለሆነ እናትና ልጅ እንጦጦ ሊወጡ ነው። የማርያምወርቅ ደግሞ ታክሲ ተሳፍሮ መሳለም እንደ መሳለም አይቆጠርም ባይ ናት፤ በእግሯ ካልወጣች ቅር ይላታል።

«አንቺም በመጣሽ» አለች። «ራጉኤልን ከተሳለምሽ ስንት ዘመንሽ!»

«የተማሪ ውጤት ዛሬ ማለቅ አለበት እትዬ።»

«እንዳልሽ። ስትመለሺ ሽንኩርት ያዥ፤ እዚች ከታች ያለችው ሴትዮ ኪሎውን ዘጠና ብር አስገብታዋለች፣ ዓይኗን እንኳ አታሽም።»

ዘውድነሽ «እስቲ አንዴ ድገሚውና እኔም ልስማ» ልትል አፏን ከፍታ ነበር። አምለሰት ማዳመጫውን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ጨርቁን በጥንቃቄ እየጠቀለለች ነው፤ እናቷ ደግሞ ዓይኗን ከልጇ እጅ ላይ አላነሳችም። ይህን የመሰለ ጠዋት ማን ያበላሻል? ማታ ለብቻዋ ቀስ ብዬ አሳያታለሁ አለች በልቧ፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላም ወጣች። ደግ ሰው ብዙውን ጥፋት የሚያጠፋው «ማታ» እያለ ነው።

ኮሌጁ ሲግናል ነው፤ ከምድር ቤቱ የብረት በርና መስኮት የሚበየድበት ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ላይ ሦስተኛውን ፎቅ ተከራይቷል። ደረጃው የብየዳና የሽንት ቤት ማጽጃ ሽታ አለው። ዘውድነሽ ከመንግሥት ሆስፒታል ጡረታ ወጥታ እዚህ ስትቀጠር በሯ ላይ «የጥራት ማረጋገጫ ኃላፊ» የሚል ሰሌዳ ተለጥፎላት ነበር፤ የመጀመሪያ ሳምንት ስታልፍ ስታገድም ታየው ነበር፣ ኋላ ለመደችው። ትምህርቱ በርቀት ስለሆነ ተማሪው ሞጁሉን ቤቱ ያነባል፣ የአሠራር ማሳያ ቪዲዮዎቹን በስልኩ ያያል፣ ከዚያ ሰው ፈልጎ ሲለካ፣ ቁስል ሲያሽግ፣ መርፌ ሲያዘጋጅ ራሱን ቀርጾ በቴሌግራም ይልካል። የእሷ ሥራ እነዚህን እያየች ቅጹ ላይ ምልክት ማድረግ ነው። ሰላምታ ሰጠ? እጁን ታጠበ? ጨርቁን ከክርን በላይ ጠመጠመ? ንባቡን ጮክ ብሎ ተናገረ? ሁሉም ላይ ምልክት ከተደረገ ተማሪው አለፈ ማለት ነው። ንባቡ እውነት ነው ወይ የሚል ጥያቄ ግን የለም። ቅጹን ያዘጋጀችው ራሷ ናት፤ ካገር ጫፍ የተላከን ቪዲዮ እያዩ የሰው ደም ሥር መስማት አይቻል፣ ምን ታድርግ።

የመጀመሪያውን ከፈተች። የተማሪው ጓደኛ፣ ጢሙ ግጥም ያለ ጎረምሳ፣ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ተማሪው ጨርቁን ጠመጠመ፣ ነፋ፣ አስተነፈሰ፣ ትከሻውን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገና «ደህና ነዎት እማማ፣ አይዞዎት፤ መቶ ሃያ በሰማንያ» አለው። ጎረምሳው እማማ ሲባል ፍንክች አላለም። ዘውድነሽ ብቻዋን ከት ብላ ሳቀች፤ ምልክቷን አድርጋም ወደሚቀጥለው አለፈች። ሁለተኛዋ ታናሽ ወንድሟን ነበር የለካችው። ትከሻውን መታ መታ፤ «ደህና ነዎት እማማ፣ አይዞዎት፤ መቶ ሃያ በሰማንያ።» አሁን ሳቁ አልመጣም። ሦስተኛዋ ካራ አካባቢ ያለች ተማሪ ናት፤ ከኋላዋ ያልታጨደ ጤፍ ይታያል። የምትለካቸው አማቷ ፊታቸው የቀላ፣ ወንበሩ የጠበባቸው፣ ቁጭ ብለው እንኳ የሚያለከልኩ ሰው ናቸው። አየሩ ፍስስ አለ። «ደህና ነዎት እማማ...» ዘውድነሽ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋችው።

ቃሉ የእሷ ነው። ትከሻ መታ መታ ማድረጉም የእሷ ነው። ማሳያ ቪዲዮው የተቀረጸ ቀን ታካሚ ሆነው የተቀመጡላት ሕንፃውን የሚያጸዱት እናት ነበሩ፤ እማማ ያለቻቸው ለዚያ ነው። ከታች ብረት ይቀጠቀጣል፣ ማዳመጫው ውስጥ የሚመጣው የመዶሻ ድምፅ ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ ሞከረች፤ ምቱን ልትለየው አልቻለችም። ቪዲዮውን የሚቀርጸው ልጅ «ሲስተር፣ ቪዲዮው ረዘመብን፤ ተማሪ ከሦስት ደቂቃ በላይ አያይም» አላት። ያን ጊዜ አየሩን ባንድ ጊዜ ለቀቀችውና ለወጉ ያህል ጤነኛ ቁጥር ተናገረች፤ መቶ ሃያ በሰማንያ። ለዛሬ እንዲህ ይሁን፣ ነገ ብየዳው ሳይጀመር በጠዋት እንደግመዋለን ተባብለው ተለያዩ። ነገ መጣ፤ ነገ ሌላ ሥራ ነበረው። ቪዲዮው ግን ተሠራጨ፣ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ቀርቦ የሚያርማቸው መምህር የሌላቸው ልጆችም ያዩትን ይዘው ቀሩ። መለካት ማለት ጨርቅ ጠምጥሞ፣ ነፍቶ፣ አስተንፍሶ ያችን ቃል ማለት መሰላቸው። ጸሎት ካደረሱ በኋላ አሜን እንደሚባለው። ማንም አልዋሸም፤ ሁሉም በደንብ አጥንተዋል። ይህ ነው አንጀቷን የበላው።

ከዚያ የጠዋቱ ድምፅ ትዝ አላት። ደህና ነሽ እማዬ፣ አይዞሽ። እንዴት እስካሁን አልገባትም? በገዛ ቤቷ፣ በገዛ ቃሏ! የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይህ ነው። አምለሰት ጋ ደወለች፤ አይነሳም። ደግማ ደወለች። ቅዳሴ ላይ ይሆናሉ ብላ ራሷን አጽናናችና ወደ ኮሌጁ ኃላፊ ወደ አቶ ሰርፀ ቢሮ ገባች።

«የግፊቱ ቪዲዮ ዛሬውኑ ይውረድ» አለች ሳትቀመጥ። «ልጆቹ መለካት አይችሉም። አንዳቸውም። ቁጥሯን ነው የሸመደዱት።»

አቶ ሰርፀ ክፉ ሰው አይደለም፤ የሠራተኛ ልቅሶ አያልፈውም፣ ደመወዝም አያዘገይም። ደንግጦ መነጽሩን አወለቀ። «ሲስተር፣ ምረቃው እኮ ደርሷል። አዳራሽ ተይዟል፣ ወላጅ ከየክፍለ ሀገሩ ተነሥቷል። ደግሞስ አምና የተመረቁትን ምን ልንላቸው ነው? ሥራ ይዘዋል እኮ። ከምረቃው በኋላ ተረጋግተን እንደግመዋለን፣ ቃሌ ነው።»

ልትቆጣው ፈልጋ አልቻለችም። «ነገ እንደግመዋለን» ያለችው እሷ አይደለችም እንዴ? ሰውዬው የእሷኑ ቃል ነው የመለሰላት። ሥራ ይዘዋል ያለው ግን ልቧ ላይ ቀረ። ቦርሳዋን ይዛ ደረጃውን ስትወርድ ስልኳ ጮኸ።

«ዘውዬ፣ ደውለሽ ነበር? ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሆነን ነው» አለች አምለሰት።

«እናትሽ እንዴት ናት?»

«ደህና ናት። ትንሽ ራሴን አለች፣ ዳገቱ ይሆናል። ከቅጥሩ ውጭ ጥላ ሥር ቁጭ ብለናል።»

«መድኃኒቷን ወስዳለች?»

አምለሰት ስለ ፀበሉ ማውራት ጀመረች።

«አምለሰት!»

«ትታዋለች እኮ ዘውዬ። ከመስከረም ጀምሮ። ክኒኑ ሽንት ሽንት እያለ መንገድ አላስኬደኝ አለችና... እኔም ስለካት ሁሌ ልክ ነው። ልክ ከሆነማ ምን ያደርጋል ብዬ...» ድምፅዋ እየሳሳ ሄደ። «አጠፋሁ እንዴ?»

ዘውድነሽ «ከተቀመጣችሁበት እንዳትነሱ፣ መጣሁ» አለችና ራይድ ጠርታ ተሳፈረች። ሾፌሩ ወሬ ወዳድ ነበር፤ የነዳጁን ሰልፍ፣ የትራፊኩን ቅጣት፣ እንጦጦ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሮጡ ሰዎችን ጤንነት እያነሳ ሲጥል እሷ እሺ እሺ እያለች በመስኮቱ ታያለች። መኪናው ዳገቱን ሲያያዘው ባሕር ዛፉ ያጥናል፣ ነጠላ የለበሱ ሴቶች በጠርዙ ይወርዳሉ። እያንዳንዷን ትመለከታለች። ምን ነበር ጠዋት አፌን ባልዘጋ? አንድ ቃል ነበረች እኮ፤ ድገሚው። ልጅቷ ትንሽ ታፍር ነበር፣ እትዬም ትንሽ ታኮርፍ ነበር፣ ማታ ራት ላይ ይረሳ ነበር። አሁን ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

የማርያምወርቅ ዛፍ ተደግፋ፣ ነጠላዋን ከፀሐዩ መከለያ አድርጋ ተቀምጣለች። አምለሰት የፀበል ጠርሙስ ይዛ አጠገቧ ቆማለች፤ አክስቷን ስታይ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች።

«ማን ጠራሽ? ሥራሽን ጥለሽ!» አለች የማርያምወርቅ። ልትቆጣ ፈልጋ ነበር፣ ግን ብርሃኑ ዓይኗን ስለወጋት ፊቷን ጨመደደች። «ትንሽ ራሴን ፈለጠኝ እንጂ ምንም አልሆንኩ። ጠዋት ልጄ ለክታኛለች።»

«አውቃለሁ። እስቲ ሆስፒታል ደርሰን እንመለስ።»

«የምን ሆስፒታል! ወረፋ ስጠብቅ ልዋል? ቤቴ ውሰዱኝ።»

ሦስቱም መኪና ውስጥ ገቡ። ወሬኛው ሾፌር በመስታወቱ አየት አድርጓቸው ቁልቁለቱን ቀስ ብሎ ያዘው። ዘውድነሽ ለእህቷ እውነቱን ልትነግራት ስትል ዓይኗ አምለሰት ላይ ያርፋል። የማርያምወርቅም የምታውቅ ይመስል የልጇን እጅ ጭምቅ አድርጋ ይዛለች፤ ማንም ልጇን ክፉ እንዳይናገርባት። በመጨረሻ ከተራራው ግርጌ አስፋልቱ ዳር አንድ ክሊኒክ ሲታይ «እዚህ ተለክተሽ ብቻ፤ ከዚያ ያልሽውን አደርጋለሁ» ብላ ለመነቻት። ሾፌሩም ሌላ ጥሪ ስለደረሰው አውርዷቸው ሄደ። በሩን ሲያልፉ የየማርያምወርቅ ግራ ጫማ ደፉን ጠረገው። ደፉ ከፍ ብሎ ነው አለች ዘውድነሽ ለራሷ።

የተቀበለቻቸው ነርስ ሲፈን የምትባል ፈገግታዋ የማይጠገብ ልጅ ናት፤ ስሟ ደረቷ ላይ ተጽፏል። በባትሪ የሚሠራው መለኪያ ባትሪው እንዳለቀ ይቅርታ ጠይቃ በእጅ የሚነፋውን አመጣች። የማርያምወርቅን አልጋው ላይ አስቀመጠች፣ ጨርቁን ከክርን በላይ በደንብ ጠመጠመች፣ ነፋች። ዘውድነሽ የልጅቷን ጣቶች እያየች በማርያም፣ ቀስ በይ፣ ቀስ በይ ትላለች በልቧ። አየሩ ፍስስ አለ። ሲፈን የየማርያምወርቅን ትከሻ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገች።

«ደህና ነዎት እማማ፣ አይዞዎት፤ መቶ ሃያ በሰማንያ።»

አምለሰት ቀና ብላ አክስቷን አየች። ገባት።

«ልጄ፣ ማን ነው ያስተማረሽ?» አለች ዘውድነሽ፤ ድምፅዋ ለራሷም ራቃት።

ሲፈን ድምፁን ስትሰማ ፊቷ በራ። «እንዴ! እርስዎ የቪዲዮዋ ሲስተር አይደሉም? በእርስዎ ነው እኮ የተማርኩት! አምና ነው የተመረቅነው። ስንት ጊዜ እንዳየሁዎት!»

«አየሽ?» አለች የማርያምወርቅ ወደ ታናሿ ዞር ብላ። «ያንቺው ተማሪ ናት። ልጄም እሷም አንድ ቃል። በከንቱ አስደነገጥሽኝ።» ፈገግ አለችም። ፈገግታው ግን ግማሽ ነበር፤ የአፏ የቀኝ ጥግ ሲነሳ ግራው እዚያው ቀረ።

ዘውድነሽ ዕድሜዋን ሙሉ ይህን ፊት በየአልጋው ላይ አይታዋለች። ዘበኛውን ጠርታ «ሮጠህ መኪና አቁም፣ ለሆስፒታል ነው በል» አለችው፤ ሐኪሙን ከውስጥ አስጠራች፤ እህቷን በጀርባዋ አስተኝታ ግራ እጇን ጨበጠች። እጁ አልመለሰላትም። ሐኪሙ ስልክ ይዞ ሆስፒታሉን ሲያነጋግር፣ ቁጥሩን ይጠይቃሉና መለኪያውን ከሲፈን ተቀብላ «ጸጥ በሉልኝ» አለች። ቤቱ ጸጥ አለ። ነፍታ ቀስ እያደረገች አስተነፈሰች። ምቱ ከሁለት መቶ በላይ ላይ ጀመረ፤ የአጥር በር እንደሚያንኳኳ ሰው፣ ደጋግሞ፣ ጠንክሮ። እህቷ ናት የምታንኳኳው፤ ከመስከረም ጀምሮ ስታንኳኳ ማንም አልከፈተላት። ቁጥሩን ለሐኪሙ ነገረችው።

ሲፈን ፈገግታዋ ጠፍቶ አጠገቧ ቆማለች። «ሲስተር... እኔ መቶ ሃያ...» አለች።

ዘውድነሽ ማዳመጫውን ከጆሮዋ አውልቃ በልጅቷ ጆሮ ላይ አደረገች። እንደገና ነፋች፣ እንደገና ቀስ አድርጋ ለቀቀች። የሲፈን ዓይኖች ተከፈቱ፤ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ይሄ ነው እንዴ?» አለች በሹክሹክታ። «ይሄ ነው እንዴ ድምፁ?»

ከፋሲካ ጀምሮ እዚህ ክሊኒክ ስትሠራ ስንት እናት፣ ስንት አባት ለክታ አይዞዎት ብላ ሸኝታለች። ዘውድነሽ ስለ ስንቱ ታልቅስ? «ይሄ ነው» አለቻት። «እኔ ነኝ ያላሰማኋችሁ። ያን ቀን እኔም አልሰማሁትም።» ይህን ያለችው ለሲፈን ቢሆንም ዓይኗ አልጋው ላይ ነበር። የማርያምወርቅ ሰምታለች። ታናሿን ረጅም ጊዜ አየቻት፤ ቁጣ ይሁን ይቅርታ ከግማሽ ፊት ላይ ምን ይነበባል። ከዚያ ዓይኗ ከአልጋው ግርጌ ነጠላዋን ይዛ የምታለቅሰውን ልጇን ፈለገ።

«አሰሚያት» አለች። ምላሷ ከብዶ ቃሉ ተጎትቶ ነበር የወጣው። «እሷም... ትስማ። ትማርበት።»

ውጭ መኪና ጥሩምባ ነፋ፣ ዘበኛውም የክሊኒኩን ቃሬዛ ይዞ እየሮጠ ገባ። የማርያምወርቅ ግን ደህናውን ክንዷን እንደ እሁዱ አስተካክላ ዘርግታ ነበር፤ ቃሬዛው አጠገቧ ሲደርስም አላጠፈችውም።